«አልሠራም» ሲሉን ምን እንጠይቃቸው?

በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር እንዳወራ ሲጠይቁኝ ትንሽ ፈራሁ። በዚህ አዳራሽ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም፣ መምህሩም አለ። ከምሳ በኋላ ስለ ኮድ ባወራ ግማሾቻችሁ እንደምትተኙ አውቃለሁ፤ ድሮም ከምሳ በኋላ ክፍል ስንገባ የማን ጭንቅላት ቀድሞ እንደሚወድቅ እናውቃለን። ኋላ ግን ሁላችንም የምናውቀው አንድ ደብተር ትዝ አለኝ።

የዶርሙን የጥገና ደብተር አስታወሳችሁት? ፕሮክተሩ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን፣ እስክሪብቶው በሲባጎ የታሰረውን? «ውሃ የለም።» «አምፖል ተቃጥሏል።» «በሩ አይዘጋም፣ ኧረ ስለ ፈጣሪ!» የጥገና ሠራተኛው ጠዋት መጥቶ ያነባል። የቱ ክፍል? የቱ ፎቅ? ከመቼ ጀምሮ? ደብተሩ አይናገርም። ሰውየው ደብተሩን ዘግቶ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፤ እኛም «ሰነፍ» እያልን እናማዋለን። ሁለተኛ ዓመት ስንሆን አንድ ፕሮክተር ገጹን በማስመሪያ አራት ቦታ ከፈለው፦ ብሎክ፣ የክፍል ቁጥር፣ የተበላሸው ነገር፣ ከመቼ ጀምሮ። ከዚያ ወዲህ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቀየር ጀመር። ውሃው ግን ያው ነበር፤ ውሃ በማስመሪያ አይመጣም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ማስመሪያ ነው። በእኛ ሙያ ስሙ «ኢሹ ቴምፕሌት» ይባላል። አንድ ሶፍትዌር ሲሠራ ኮዱ በአንድ የጋራ ማከማቻ ይቀመጣል፤ «ሪፖዚቶሪ» እንለዋለን። ተጠቃሚው ስህተት ሲያገኝ፣ እኛ «ባግ» የምንለውን ማለቴ ነው (በግ ብላችሁ እንዳትሰሙኝ)፣ በዚያው ማከማቻ ላይ ማሳወቂያ ይከፍታል። ያ ማሳወቂያ ነው ኢሹ። ቴምፕሌት ደግሞ ማሳወቂያውን የሚከፍተው ሰው ባዶ ገጽ ላይ እንዳይፈዝ ቀድሞ የተሰመረለት ቅጽ ነው።

ቀላል ነገር ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። ይህንን ቅጽ አበላሽቼ በመሥራቴ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በከንቱ ተመልሰዋል። ታሪኩን ልንገራችሁ።

የኔ 14 ጥያቄዎች

ከሥራ ሰዓት ውጪ ከጥቂት ጓደኞች ጋር የምንሠራው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚሰጥ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለን። ጤና ጣቢያዎች የክትባት ቀጠሮ ይመዘግቡበታል። ነርሷ የሕፃኑን መረጃ ታስገባለች፤ ፕሮግራሙ ቀጣዩን የክትባት ቀን ፈልጎ፣ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሮ፣ ለእናትየው ትንሽ ወረቀት ያትማል። ከዚህ ያለፈ ሥራ የለውም።

መጀመሪያ ላይ ቅጽ አልነበረንም። የሚመጡልን ማሳወቂያዎች የዶርሙን ደብተር ይመስላሉ፦ «አልሠራም።» «ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ እርዱን።» «እንደ ትናንቱ ሆኗል።» ትናንት እንዴት ሆኖ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ለእያንዳንዱ መልሼ እጽፋለሁ፦ የትኛው ገጽ ላይ? ምን ሲጫኑ? ምን የሚል ጽሑፍ ወጣ? አንዳንዱ በሳምንቱ ይመልሳል፤ አብዛኛው ግን ዝም ይላል። ማታ ማታ ከሥራ ደክሜ ገብቼ የምሠራው በመሆኑ ተናደድኩ።

ይህ ንዴት የኔ ብቻ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች ተሰባስበው ለጊትሃብ ኩባንያ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ ይኸው ነበር፦ ሰዎች አስፈላጊውን መረጃ ሳይሰጡ ማሳወቂያ ይከፍታሉ፤ እኛም ቀድመን መጠየቅ የምንችልበት መንገድ የለንም። ኩባንያው በወሩ ገደማ ቴምፕሌት የማዘጋጀት አገልግሎት ጨመረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ለተለያየ ጉዳይ የተለያየ ቴምፕሌት ማዘጋጀት ተቻለ። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባዶ ቦታ የሚሞላበት፣ ከዝርዝር የሚመረጥበት፣ እውነተኛ ቅጽ የሚመስል ነገር መጣ።

እኔም ይህንን አገኘሁና ደስ አለኝ። የአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ቅጽ ገልብጬ አመጣሁ። 14 ጥያቄ ነበረው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። የኮምፒውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስሪት፣ የብራውዘሩ ስሪት፣ የስህተት መዝገብ፣ ስህተቱን ደግሞ ለማምጣት የሚያስፈልጉ ደረጃዎች፣ «ተመሳሳይ ማሳወቂያ መኖር አለመኖሩን ፈልገዋል?»፣ ሌላም ሌላም። ሁሉንም «ግዴታ» አደረግኳቸው። አንዱ ካልተሞላ አይላክም።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ማሳወቂያው ቀነሰ። በወር የሚመጣው በጣት የሚቆጠር ሆነ። ለጓደኞቼ «አያችሁ? ሶፍትዌሩ ተሻሻለ» አልኳቸው። እነሱም አጨበጨቡ።

«ቀጠሮ ችግር አለው»

ኅዳር 2016 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ አንድ ማሳወቂያ መጣ። የብራውዘር ስሪት በሚለው ቦታ ነጥብ አለ። የስህተት መዝገብ በሚለው ሌላ ነጥብ። ደረጃዎቹን ዘርዝሩ በሚለው «አላውቅም»። ሰውየው ግዴታውን በነጥብ ተሻገረው ማለት ነው። ታች፣ መግለጫ በሚለው ቦታ፣ ሦስት ቃል ነበር፦ «ቀጠሮ ችግር አለው።»

«እባክዎ የስክሪኑን ፎቶ ይላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። መልስ የለም። ሌላ ሥራ መጣ፣ ዘገየሁ። መጋቢት አጋማሽ ላይ የቆዩ ማሳወቂያዎችን ሳጸዳ እንደገና አገኘሁት። ፕሮግራሙን ከፈትኩ፣ አሥር ያህል ቀጠሮ አስገባሁ፣ አተምኩ፣ ቀኖቹን ከግድግዳ ካላንደር ጋር አመሳከርኩ። ሁሉም ልክ ነው። «ስህተቱን ማግኘት አልተቻለም» ብዬ ዘጋሁት። ሕሊናዬም ንጹሕ ነበር።

ሐምሌ ላይ ለሌላ ጉዳይ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ክትባት ክፍሉ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጎን አንድ ባለ መስመር ደብተር ተቀምጧል። ነርሷን «ይህ ምንድን ነው፣ እህቴ?» አልኳት። «የእናንተን ነገር የምንጽፍበት ነው» አለችኝ። ገለጥኩት። እኔ ያላገኘሁት ማሳወቂያ ሁሉ እዚያ አለ፤ በአማርኛ፣ በቀን፣ በሥርዓት ተጽፎ። የኅዳር ወር ላይ ደረስኩና አንዱን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት፦

«ማክሰኞ ነው ተብላ የተቀጠረች እናት፣ ወረቀቱ የሚካኤል ዕለት ይላል፣ ሚካኤል ረቡዕ ነው፣ የቱን ልመን ብላ ጠየቀች።»

ነገሩ ገባኝ። እግሬ ከዳኝ ብላችሁ ይቀላል፤ ተቀመጥኩ።

ለማታስታውሱት ላብራራ። የኛ ዓመት 12 ወር ባለ ሠላሳ ቀን ሆኖ ጳጉሜ ትጨመርበታለች። ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ግን ስድስት ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. ስድስት ነበረች። ስለዚህ የ2016 አዲስ ዓመት የዋለው እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ነው። ያች አንድ ቀን ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን 29 እስኪያደርጓት ድረስ አብራን ትጓዛለች። እኔ ደግሞ ኮዱን ስጽፍ ሰነፍኩ፤ የእያንዳንዱን ወር መባቻ በሠንጠረዥ አስቀመጥኩት። መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ማለት ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ማለት ኖቬምበር 10፣ እያልኩ ጨረስኩት። በ2014 ልክ ነበር። በ2015 ልክ ነበር። ከመስከረም 2016 ጀምሮ ግን ፕሮግራሙ በአንድ ቀን ወደፊት ዘለለ። ማክሰኞ ኖቬምበር 21 ቀን ኅዳር 11 ነበር፤ ወረቀቱ «ኅዳር 12» ይላል። ኅዳር 12 ደግሞ ሚካኤል ነው፣ ረቡዕ።

መጋቢት ሲብት ግን ሠንጠረዡና እውነተኛው ቀን ተመልሰው ገጠሙ። ማንም ሳይነካው ስህተቱ ራሱ ጠፋ። እኔ የፈተሽኩት መቼ ነበር? መጋቢት አጋማሽ!

አንድ ቀን ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ሐኪሞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባት ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። አንዱ ብልቃጥ ደግሞ ለብዙ ሕፃናት የሚበቃ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ሕፃናቱን በአንድ ቀን ይሰበስባል፤ እዚያ ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ረቡዕ አንዲት እናት ብቻዋን ብትመጣ ለአንድ ሕፃን ብልቃጥ አይከፈትም። «ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተመለሺ» ትባላለች። ደብተሩ ላይ ወረቀቱን አምነው ረቡዕ መጥተው የተመለሱ 11 እናቶች ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ ነርሶቹ መላ ዘየዱ፤ ወረቀቱን እያተሙ ቀኑን በእስክሪብቶ ያስተካክሉ ነበር።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አልኳት። «ነግረናል እኮ» አለች። «አንዴ ሞክረን ቅጹ አልቀበል አለን። ኋላ ልጁ በሆነ መንገድ ላከው፤ ዘጋችሁት።»

ሪፖርቱ የተላከበት ቀን ከላይ ተጽፎ አልነበረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበር። ግን ቀኑ ራሱ የችግሩ አካል ነው ብዬ እንድጠረጥር የሚያደርግ ምንም ነገር አልነበረም። «ቀጠሮ ችግር አለው» ማለት ማተሚያው ሊሆን ይችላል፣ ስልክ ቁጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ፊደሉ ሊሆን ይችላል። የብራውዘሩን ስሪት የጠየቀው ቅጼ «የትኛውን ቀን ጠበቃችሁ? የትኛው ወጣ?» ብሎ አልጠየቀም።

ያች እናት ግን ሳትጠየቅ መልሳዋለች። የተባለችውን ተናገረች፤ ማክሰኞ። ወረቀቱ ያለውን ተናገረች፤ ሚካኤል። ሁለቱ የማይገጥሙበትን ምክንያት ጨመረች፤ ሚካኤል ረቡዕ ነው። በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የስህተት ሪፖርት አላነበብኩም።

አምስት ጥያቄዎች

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ፤ የአፓቼን፣ የኢክሊፕስንና የሞዚላን ገንቢዎችና ተጠቃሚዎች «ጥሩ የስህተት ሪፖርት ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ። ገንቢዎቹ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ስህተቱን ደግሞ ለማምጣት የሚያስችሉ ደረጃዎችንና ስህተቱ ሲፈጠር ኮምፒውተሩ የሚጽፈውን ዝርዝር ነው። ለተጠቃሚው ለማቅረብ የሚከብዱት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ታዲያ ቅጽ ማለት በዚህ ክፍተት ላይ የሚዘረጋ ድልድይ ነው። እኔ የሠራሁት ግን አጥር ነበር።

ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች ታውቋቸዋላችሁ። ባለጉዳዩ እያለቀሰ ይመጣል፤ ከአያቱ ዘመን ይጀምራል። ጸሐፊው አያቋርጠውም፣ አይቆጣውም። ቀስ ብሎ ግን ይጠይቀዋል፦ ማን? መቼ? የት? አሁን ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ? ባለጉዳዩ ሕግ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። የሕጉን ቋንቋ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። ቴምፕሌት የዚያ ጸሐፊ ምትክ ነው። ተጠቃሚውን የሚጠይቀው ተጠቃሚው የሚያውቀውን ብቻ መሆን አለበት።

ስለዚህ 14ቱን ጥዬ አምስት አስቀረሁ፤ በአማርኛ።

አንደኛ፦ ምን ሊሠሩ ነበር? «ለአንድ ሕፃን ቀጠሮ ላትም ነበር» ከተባለ ይበቃል።

ሁለተኛ፦ ምን ሆነ? ስክሪኑ ላይ የወጣውን፣ እርስዎም የጻፉትን፣ እንዳለ ይጻፉ። «እንዳለ» የምትለዋ ቃል ዋጋ አላት። አንዴ «ስም ስፈልግ አይገኝም» የሚል መጣ። የተጻፈው ስም ተገልብጦ ሲላክልን ነው የገባን፤ ሲመዘገብ «ኃይሉ» ተብሎ ነበር፣ ሲፈለግ «ሀይሉ» ተባለ። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ፊደል።

ሦስተኛ፦ ምን ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር? ይህ ጥያቄ ሞኝ ይመስላል፤ «እንዲሠራ ነዋ!» የሚል መልስ የሚመጣም ይመስላል። ማክሰኞና ረቡዕን የሚለየው ግን ይህ ጥያቄ ነው።

አራተኛ፦ መቼ? ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ ሰዓቱን ደግሞ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ብለው። «3 ሰዓት ላይ ቆመ» ሲሉን በሰርቨሩ መዝገብ ሌሊት 3 ሰዓት ስንፈልግ ያደርንበት ጊዜ ነበር። ተጠቃሚው ጠዋት 3 ሰዓት ይላል፤ የግድግዳው ዲጂታል ሰዓት 9 ይላል፤ ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት 6 ብሎ ይመዘግባል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ሳይጠይቁ ማወቅ ግን አይቻልም።

አምስተኛ፦ አሁን ሥራውን እንዴት እየሠራችሁት ነው? ይህችን ከደብተሩ ነው የተማርኩት። መልሱ ከዝርዝር የሚመረጥ ነው፦ ሥራው ቆሟል፣ በእጅ እያስተካከልን ነው፣ ብዙ አያስቸግርም። «በእጅ እያስተካከልን ነው» የሚለውን ስናይ ቀድመን የምንከፍተው እሱን ነው። ሥራ ከቆመ ሰው ይጮኻል፣ ስልክም ይደውላል። በእስክሪብቶ የሚስተካከል ስህተት ግን ድምፅ የለውም፤ ዓመት ሙሉ ተደብቆ ይኖራል።

ከአምስቱ ግዴታ ያደረግነው ሁለቱን ብቻ ነው፦ ምን ሆነ እና መቼ። ሌላው ካልተሞላ ይቅር፤ እኛ እንጠይቃለን። የተገደደ ሰው ነጥብ አስቀምጦ እንደሚያልፍ ተምረናል።

የብራውዘሩና የፕሮግራሙ ስሪትስ? እሱን ኮምፒውተሩ ያውቀዋል፤ ሰውን ምን ያደክመዋል? ፕሮግራሙ ላይ «ችግር አሳውቅ» የሚል ቁልፍ ጨመርን። ሲጫኑት ቅጹ ሲከፈት የስሪቱ ቦታ ተሞልቶ ይመጣል፤ ጊትሃብ በአድራሻው ውስጥ የተላከለትን መረጃ ቅጹ ላይ ይሞላልና። ማሽን የሚያውቀውን ማሽን ይመልስ፤ ሰው የሚያውቀውን ሰው ይናገር።

ለሙያ አጋሮቼ ጥቂት ነገር

ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠናችሁ «አሠራሩን ንገረን» ስላላችሁኝ ባጭሩ ልናገር፤ ሌሎቻችሁ ለሁለት ደቂቃ ታገሡን።

ማከማቻችሁ ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር «ዶት ጊትሃብ» የሚባል ፎልደር ትከፍታላችሁ። በውስጡ «ኢሹ ቴምፕሌት» የሚል ሌላ ፎልደር ይኖራል፤ ስሙ በትልልቅ የላቲን ፊደል፣ በሁለቱ ቃላት መካከል የታች ሰረዝ ተደርጎ ይጻፋል። ለእያንዳንዱ ዓይነት ማሳወቂያ አንድ ፋይል ታስቀምጣላችሁ። ተራ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ በማርክዳውን፣ የሚሞላ ቅጽ ከፈለጋችሁ በያምል ይጻፋል። በያምል አጭር መልስ፣ ረጅም መልስ፣ ከዝርዝር ምርጫና ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ማዘጋጀት ይቻላል። ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ ይሁኑ እንጂ ጥያቄዎቹ በአማርኛ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ምንም አያስቸግርም። በያምል ውስጥ ግን በመስመር መጀመሪያ ላይ ያለ ባዶ ቦታ ትርጉም አለው፤ አንድ ቦታ ከተዛነፈ ቅጹ ላይታይ ይችላል። ደግሞም ፋይሉ ዋናው ብራንች ላይ ካልገባ ለተጠቃሚው አይወጣም። እኔ በዚህ አንድ ማታ ሙሉ ጠፍቶብኛል።

የስህተት ማሳወቂያንና አዲስ ነገር የመጠየቂያን ቅጽ ለዩ። «ይህ ተበላሽቷል» እና «ይህ ቢኖር» የሚሉ ሁለት ጉዳዮች በአንድ ወረቀት ሲመጡ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል። ቅጹ ሲላክ መለያ ምልክቱን ራሱ እንዲለጥፍ አድርጉት፤ ለመደርደር ይቀላል።

ባዶ ማሳወቂያ እንዳይከፈት የሚከለክል ማስተካከያም አለ፤ በዚያው ፋይል ወደ ሌላ ቦታ የሚመራ አገናኝ ማስቀመጥ ይቻላል። እኛ ሁለቱንም አብረን ተጠቀምን። በሩን ስትዘጉ መስኮት ክፈቱ። ነርሷ የጊትሃብ አካውንት የላትም፤ እንድትከፍትም አልጠይቃትም። አምስቱን ጥያቄዎች በወረቀት አትመን ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍን። እሷ በቴሌግራም በድምፅ ትመልሳለች፤ ከእኛ አንዱ ተረኛ ሆኖ ቅጹን ይሞላል። ራፖር ጸሐፊ ሆንን ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለሁሉም ክፍት የሆነ ማከማቻ ላይ የተለጠፈን ነገር ዓለም ሁሉ ያያል። የቅጻችን የመጀመሪያው መስመር ጥያቄ አይደለም፦ «የታካሚ ስም፣ ስልክ ወይም የካርድ ቁጥር የሚታይበት ፎቶ እዚህ አይለጥፉ» ይላል። ሰው የሚረዳን መስሎት የሌላውን ሰው ምስጢር እንዳያወጣ መጠበቅ የእኛ ግዴታ ነው። ሰርጎ ገብ ሊጠቀምበት የሚችል የደኅንነት ቀዳዳ ያገኘም እንዲሁ፣ በአደባባይ ሳይሆን ለብቻ የሚያሳውቅበት መንገድ አዘጋጁለት።

ወደ ደብተሩ ስንመለስ

አዲሱን ቅጽ ከለጠፍን በኋላ ማሳወቂያው በዛ። ድሮ ቢሆን እደነግጥ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ዝምታ ጤና ማለት አይደለም። ሪፖርት የማይመጣበት ሶፍትዌር ወይ ማንም አይጠቀምበትም፣ ወይ አጠገቡ ደብተር አለ።

ኮድ የማትጽፉ ጓደኞቼ፣ ይህ ነገር እናንተንም ይመለከታል። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ኃላፊዎች ናችሁ። ባንክ ስንሄድ፣ ቢሮ ስንሄድ «ሲስተም የለም» እንባላለን። ሲስተም የለም ማለት ምን ማለት ነው? መብራት ነው? ኔትወርክ ነው? ባለሙያው ነው? የለም ብሎ የነገረን ሠራተኛ የሚያሳውቅበት ቦታ አለው? የሚሞላው ቅጽ እሱ የሚያውቀውን ይጠይቀዋል ወይስ የማያውቀውን? ነገ ቢሮ ስትገቡ ሠራተኞቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «ኮምፒውተሩ አልሠራ ሲላችሁ በእጅ የምታስተካክሉት ነገር ምንድን ነው?» የሚሰጧችሁ መልስ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ለሙያ አጋሮቼ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 የሚውለው በ2019 ዓ.ም. ነው። የ2020 መስከረም 1 እንደገና ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳይ ፕሮግራም ያላችሁ ሁሉ የኮምፒውተራችሁን ቀን ወደዚያ አድርጋችሁ ዛሬውኑ ፈትሹት። የእኛን አስተካክለናል፤ ኅዳር 12 ቀን 2016ንም በቋሚ መፈተሻነት ኮዱ ውስጥ አስገብተነዋል። ፕሮግራሙን ባሻሻልን ቁጥር «ይህ ቀን ምን ቀን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ረቡዕ ካላለ አዲሱ ሥራችን አያልፍም። የመፈተሻውን ስም «ሚካኤል» ብለነዋል።

ያችን እናት አላገኘኋትም። ነርሷ ግን ልጁ በቀጣዩ ማክሰኞ መከተቡን ነግራኛለች። ወረቀቱን ሳታምን ካላንደሯን ያመነች እናት ናት፤ እኔ በ14 ጥያቄ ያጣሁትን እሷ በአንድ አረፍተ ነገር ነግራን ነበር። የቀረን እንዴት መጠየቅ እንዳለብን መማር ብቻ ነው።

ያን ገጽ በማስመሪያ የከፈለው ፕሮክተራችን ዛሬ በሕይወት ካለ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እኔ ለዓመታት ሳላስተውለው የቆየሁትን እሱ በአንድ ማስመሪያ ጨርሶት ነበር።